የቀረው ዘጠኝ

ዶራ ከፖ ሲገናኝ፣ በቶሪኖ ዳርቻ፣
አንዱ ድፍርስ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ ጎን ለጎን ናቸው ብቻ።
ድልድዩን እስኪያልፉ አይተዋወቁም፤
ጀርባ ተሰጣጥተው እንደተኙ ባልና ሚስት
አንድ ወንዝ ይባላሉ እንጂ አንድ አይሆኑም።

የእኔ ወንዝ ስፋቱ ሁለት ፀጉር ቢደረደር ነው፣
መስታወት ላይ የተፈለፈለ፤ ሁለት ክንድ አለው።
ባንደኛው ውሃ ይመጣል፣ ባንደኛው አሴቶን፣
ፖሊመሩን በሆዱ ደብቆ፣ የዋህ መስሎ።
ሲገናኙ አሴቶኑ ወደ ውሃው ይከዳል።
ፖሊመር ውሃ አይወድም፤ መድረሻ ያጣል፣
ሰው አገር እንደገባ እንግዳ ዘመዱን ፈልጎ ይጠጋል፣
ይተቃቀፋል፣ ይድቦለቦላል፣
ቅንጣት ይሆናል።

ድካሙ ሁሉ ቅንጣቷ መድኃኒት ተሸክማ በደም ልትጓዝ ነው፤
ከወፈረች ጉበት ያስቀራታል፤ ክፋቱ እሱ ነው።

እኔ ይህን አልነካም። እጄ አሴቶን አይሸትም።
ውሃ ሳልቀዳ አፈሳለሁ፤ ወለሉ አይረጥብም።
ቦዩን ሦስት ሚሊዮን ኩርማን አድርጌ ቆራርሼ፣
ለእያንዳንዷ ፍጥነት፣ ለእያንዳንዷ ግፊት አድዬ፣
«ስንት ገባ? ስንት ወጣ? የት ቀረ?» እያልኩ አነጋለሁ።
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤
እኔ እንቦጩን እቆጥራለሁ።

ኮምፒውተሩ ሰባ ሰዓት አስቦ ተነፈሰ፦ ዘጠና አምስት ናኖሜትር።
ኤርሚኖ ከምድር ቤት ለክቶ ወጣ፦ መቶ አርባ።
ድሮ በመኪና ፋብሪካ የካርቡራተር ቀዳዳ ይበሳ የነበረ ነው፤
ዓይኑ የሳተውን ጣቱ በዳሰሳ ያውቀዋል።
ወረቀቴን ከመነጽሩ በላይ አየና
«ኢዞታ፣ ያንቺ ውሃ አያረጥብም» አለ።

መረቡን አደቀቅኩ። የጊዜውን እርምጃ አሳጠርኩ።
ስርጭቱን በእጄ፣ በእርሳስ፣ እንደገና አሰላሁ።
አንዲት ቁጥር ነበረች፣ ቅንጣቶች ሲነካኩ ምን ያህሉ ይጣበቃሉ የምትል፤
ማንም በትክክል ለክቷት አያውቅም፤ ወደ ላይ ሳብ ቢያደርጓት ሁሉም ልክክ ሊል።
ሳብኳት።
ልክክ አለ።
ሥዕሉ አማረ፣ መስመሩ በነጥቦቹ ላይ ተኛ፤
ያልተኛሁት እኔ ነኝ።
ጠዋት መለስኳት።

ከዚያ ወረድኩ። ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ደፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።
በማይክሮስኮፑ የሁለቱ ፈሳሾች ድንበር ይታያል፤
ቀጥ ያለ፣ ዝም ያለ፣ የተወጠረ ክር ይመስላል።
አንድ ሰዓት ሙሉ አየሁት።
ድንገት ክሩ ተንቀጠቀጠ። የዓይን ጥቅሻ ያህል ውሃው አጠረ፤
በዚያች ቅጽበት የተወለዱት ቅንጣቶች እርስ በርስ ተሻምተው ወፈሩ።
ደግሞ ጸጥ።
«አራት ቁጥር ትራም ነው» አለ ኤርሚኖ፣ ራሱን ሳያነሳ፤
«ፓምፔን በየስምንት ደቂቃው ሰላም ይለዋል።»
«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»
«መች ጠየቅሽኝ?
ያንቺ ውሃ ትራም ተሳፍሮ የሚያውቅ አልመሰለኝም።»

በቦዩ አፍ ላይ ትንሽ ሞገድ ጨመርኩ፤ ስሟን ትራም አልኳት።
ሰባ ሰዓት።
መቶ ሠላሳ አንድ።
ፕሮፌሰሯ ቁጥሩን አይታ «ዘጠኙስ?» አለችኝ።
ብዙ ሰው ዘጠኝን ስህተት ብሎ ይተዋታል፤ ከአሥር በታች ናት፣ ታልፋለች።
እኔ ማስታወሻዬን ይዤ ዳግም ምድር ቤት ወረድኩና ጻፍኩ፦
ማሞቂያው ማታ ማታ ይጠፋል።
የቀኙ መርፌ ትንሽ ዘመም ብሏል።
ኤርሚኖ ሲያስል ጠረጴዛውን ይይዛል።

እሁድ ድልድዩ ላይ ቆሜ ነበር። የድፍርሱና የአረንጓዴው
መጋጠሚያ እንደ ስፌት ይታያል፣ እስከ ሦስተኛው ምሰሶ፤
ከዚያ ወዲያ የለም።
የት ላይ እንደጠፋ ለማየት ጎንበስ አልኩ።
ከኋላዬ ትራም አለፈ፤ ድልድዩ ከእግሬ ሥር ነዘረ።